ኖራ ከቤቷ ከወጣች በኋላ፦ የፊልም ዲሬክተሯ የዋንግ ፒንግ ሕይወትና ሥራ

በፊውዳላዊ ሥርዓት ሥር የኖረች ሴት የሚደርስባት ጭቆና ድርብ መሆኑ ተደጋግሞ የተነገረ ጉዳይ ነው። ሥርዓቱ ከወንዱ እኩል ጉልበቷን ሲበዘብዝ፣ በቤት ውስጥ ያለው ልማድ ደግሞ ለብቻዋ ድምፅዋን ይነፍጋታል። ይሁን እንጂ ጭቆናው ድርብ ነው ብሎ መናገርና፣ ከዚህ ጭቆና አምልጣ የወጣች አንዲት ሴት በማግስቱ ምን በልታ፣ የት አድራ፣ በምን ሥራ ተሰማርታ እንደኖረች መመርመር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በአንድ ንግግር ያልቃል። ሁለተኛው ግን የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ይጠይቃል። ከዚህ በታች የምንተርከው የቻይናዊቷ የፊልም ዲሬክተር የዋንግ ፒንግ ሕይወት ከዚህ ከሁለተኛው ጥያቄ ጋር በቅርብ የተሳሰረ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንወዳለን።

ጥያቄው ቻይና የገባው በአንድ ተውኔት በኩል ነበር። ኖርዌያዊው ጸሐፌ-ተውኔት ሄንሪክ ኢብሰን በ1879 የጻፈው «የአሻንጉሊት ቤት» የተሰኘው ተውኔት፣ ባሏ እንደ መጫወቻ የሚቆጥራት ኖራ የምትባል ሚስት በመጨረሻ ባሏንና ልጆቿን ትታ፣ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ስትወጣ ያሳያል። ተውኔቱ በ1918 «አዲስ ወጣት» በተባለው መጽሔት ላይ በቻይንኛ ተተርጉሞ ሲወጣ፣ በወላጆቻቸው ምርጫ ይዳሩ በነበሩት ወጣቶች ዘንድ ታላቅ መነቃቃትን ፈጠረ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1923 መጨረሻ፣ ታዋቂው ደራሲ ሉ ሹን በቤይጂንግ በሚገኝ የሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ተጋብዞ ለተማሪዎቹ ባሰማው ንግግር፣ በመነቃቃቱ ወቅት ብዙዎች ያላሰቡበትን ጥያቄ አነሣ። ኖራ ከወጣች በኋላስ? በእጇ ገንዘብ፣ በስሟ ሥራ ከሌላት የሚቀራት መንገድ ሁለት ብቻ መሆኑን አስረዳ፤ አንድም ወደ ብልሹ ኑሮ መውደቅ፣ አለዚያም ተመልሶ ያንኑ የዘጉትን በር ማንኳኳት። የኑሮ መሠረት ሳይኖር ስለ ነጻነት መናገር ባዶ ሕልም እንዳይሆን ማስጠንቀቁ ነበር። በዚያን ጊዜ ዋንግ ፒንግ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረች።

ዋንግ ፒንግ በ1916 በናንጂንግ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ዋንግ ጉዋንግዠን ሲሆን፣ ቤተሰቧም ሁዊ ከሚባለው፣ ቻይንኛ ከሚናገረው የእስልምና ተከታይ ብሔረሰብ ወገን ነበር። ከፍ ስትል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ሆነች። ናንጂንግ በዚያን ዘመን የኩኦሚንታንግ መንግሥት መናገሻ ከተማ ነበረች። መምህርትነት ለአንዲት ወጣት ሴት የተከበረ ሥራ መሆኑ እሙን ነው፤ ነገር ግን ክብሩ የሚቆየው ከተከለለላት አጥር እስካልወጣች ድረስ ብቻ ነበር።

በ1935 መባቻ በከተማው የሚገኙ የቴአትር አፍቃሪ ወጣቶች ማኅበር «የአሻንጉሊት ቤት»ን ለመድረክ ሲያበቃ፣ ኖራን ሆና የተጫወተችው ይህች የ18 ዓመት መምህርት ነበረች። ተመልካቹ ወደደው። ባለሥልጣኖቹ ግን አንዲት የልጆች አስተማሪ በአደባባይ መድረክ ላይ ከወንዶች ጋር መታየቷን፣ ያውም ባሏን ጥላ የምትሄድ ሴት ሆና መታየቷን እንደ ነውር ቆጠሩት። ከሥራዋ ተባረረች። ከእሷ ጋር የተጫወቱ ሌሎች ሴቶችም ቅጣት ደረሰባቸው። ጉዳዩ በጋዜጦች ላይ መነጋገሪያ ሆኖ «የኖራ ጉዳይ» የሚል ስያሜ እስከማግኘት ደረሰ። አስገራሚው ነገር፣ ተውኔቱን በመድረክ ላይ ለመመልከት ትኬት ገዝቶ የገባው የከተማው ጨዋ ሕዝብ፣ ያው ታሪክ ከመድረክ ወርዶ በአንዲት ደመወዝተኛ ላይ ሲፈጸም ማየቱ ነው። ኖራ በመጋረጃው መዘጋት ታሪኳ ያበቃል፤ የወጣቷ መምህርት ታሪክ ግን የተጀመረው መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ነበር። ደመወዟ ተቋርጧል፤ በትውልድ ከተማዋ ዳግመኛ ማስተማሯ የማይታሰብ ሆኗል። ሉ ሹን ከዘረዘራቸው ሁለት መንገዶች አንዱን እንድትመርጥ የተፈረደባት ይመስል ነበር።

ዋንግ ፒንግ አንዱንም አልመረጠችም። የተባረረችበትን ነገር ራሱን ሙያዋ አደረገችው። ዋንግ ፒንግ በሚለው የመድረክ ስም በቴአትርና በፊልም ተዋናይነት መኖር ጀመረች። በመድረክ ላይ ያገኘችውን ወጣት ጸሐፌ-ተውኔት ሶንግ ዢዲንም የኑሮም የሥራም ጓደኛዋ አድርጋ መረጠች። ሶንግ ዢዲ በኋላ በ1940 የጦርነቱ ዘመን መናገሻ በነበረችው በቾንግቺንግ ስለሚኖሩ፣ በጥሩ ዓላማ ተነሥተው በኑሮ ግፊት ቀስ በቀስ ወደ ነጋዴነትና ወደ ግል ጥቅም ስለተንሸራተቱ ወጣቶች በጻፈው ተውኔት ስሙ የታወቀ ደራሲ ነው። ከ1937 ጀምሮ ጃፓን በከፈተችው ወረራ የቻይና ከያንያን ከከተማ ወደ ከተማ እየተሰደዱ፣ ያለ በቂ ቀለብና ያለ በቂ መብራት ለሕዝቡና ለወታደሩ ይጫወቱ ነበር። ባልና ሚስቱም የዚህ ስደት ተካፋዮች ነበሩ። ልጅ እያሳደጉ መድረክ ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ፣ ልጅዋን በጀርባዋ አዝላ ፋብሪካ የገባች ሴት ማንም ሳያስረዳት ታውቀዋለች።

የሕዝባዊት ሪፐብሊክ ምሥረታ በ1949 ከታወጀ በኋላ፣ የሕዝብ ነጻ አውጪ ሠራዊት በ1952 የራሱን የፊልም ማዘጋጃ አቋቋመ። ይህ ድርጅት ከጊዜ በኋላ ሠራዊቱ የተመሠረተበትን ቀን መነሻ አድርጎ «ኦገስት አንድ» የተባለው ስቱዲዮ ነው። ዋንግ ፒንግ የሠራዊቱን የደንብ ልብስ ለብሳ በዚያ ተመደበች። የመጀመሪያ ሥራዎቿ ለሕዝብ ሲኒማ የሚቀርቡ አልነበሩም፤ ወታደሮችን ለማሠልጠን የሚዘጋጁ ወታደራዊ የትምህርት ፊልሞች ነበሩ። ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ወቅት በአንድ መስመር ያልፉታል። በእኛ አስተያየት ግን ካሜራን የማዘዝ ጥበብ የተማረችው እዚህ ላይ ይመስለናል። በትምህርት ፊልም ውስጥ ጌጥ ቦታ የለውም፤ ወታደሩ የት እንደቆመ፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚፈስ፣ ጥይቱ ከየት እንደሚመጣ ለተመልካቹ ግልጽ ካልሆነ ፊልሙ ከንቱ ነው። በኋላ በሠራቻቸው ታላላቅ ፊልሞች ውስጥ የሚታየው ንጽሕና፣ አንድም ምስል ያለ ሥራ አለመቀመጡ፣ የዚህ ትምህርት ውጤት ሳይሆን አይቀርም።

በ1956 ከሌላ ዲሬክተር ጋር በመሆን ስለ ፀረ-ጃፓን ተጋድሎ የሚተርከውን «ከንጋት በፊት ያለውን ጨለማ ጥሶ» የተሰኘውን ፊልም ሠራች። የመጀመሪያ ሙሉ የልብ-ወለድ ፊልሟ ይህ ነው። በቻይና ሲኒማ ውስጥ ከእሷ በፊት ሴት አልነበረም ማለት አይደለም። ሺዬ ሳይዠን የተባለች ተዋናይት በ1925 አንድ ፊልም ዲሬክት አድርጋለች፤ በ1951 በሞት የተለየችው ቼን ቦኧርም የአዲሱን የፊልም ኢንዱስትሪ መሠረት ከጣሉት መካከል ነበረች። ከሪፐብሊኩ ምሥረታ በኋላ ግን ሙሉ የዲሬክተርነት ዘመን ያሳለፈች ቀዳሚ ሴት ዋንግ ፒንግ መሆኗ በፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ያው 1956 ሶንግ ዢዲ የሞተበት ዓመት ነው። የመጀመሪያ ፊልሟ በሚታይበት ዓመት የልጆች እናት የሆነች መበለት ሆነች።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1957፣ «የሊዩባኦ መንደር ታሪክ» ተሠራ። በዚህ ፊልም ላይ ትንሽ መቆየት ይኖርብናል፤ ምክንያቱም የዚህች ሴት የጥበብ ማንነት ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ ሺ ያን ከተባለ፣ ራሱ በአዲሱ 4ኛ ሠራዊት ውስጥ ካገለገለ ደራሲ አጭር ልብ-ወለድ የተወሰደ ነው። በ1944 አንድ የሠራዊት ክፍል ውሃና መስኖ በበዛበት በጂያንግሱ ክፍለ-ሀገር በሚገኝ መንደር ያርፋል። ሊ ጂን የተባለ ምክትል የጓድ መሪ ያረፈበትን ቤት ልጅ፣ ኧር ሜይዚን ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። የሠራዊቱ ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ወታደር ካረፈበት መንደር ልጃገረድ ጋር እንዲህ ያለ ግንኙነት አይፈቀድለትም። የጦሩ የፖለቲካ መሪ ወታደሩን ይመክረዋል፤ ሠራዊቱ መንገዱን መቀጠል አለበት። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሠራዊቱ የያንግትሴን ወንዝ ለመሻገር በሚገሠግሥበት ጊዜ፣ ሊ ጂን በዚያው መንደር ያልፋል። ልጅቷ በዚያ የለችም ብለን ስንጠብቅ አለች፤ ግን የዱሮዋ ልጃገረድ አይደለችም፤ በመንደሩ ሥራ ውስጥ ኃላፊነት ያላት ሴት ሆናለች። ይገናኛሉ፤ ደግሞም ይለያያሉ።

ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ ፊልሙ ስለ ዲሲፕሊን ማስተማር ነበረበት። ያስተምራልም። ዋንግ ፒንግ ያደረገችው ግን ዲሲፕሊኑ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሳትደብቅ ማሳየት ነው። ወታደሩ የሚተወው ፍቅር እንዲሁ ቀላል የሥጋ ፈተና ሆኖ ቢቀርብ ኖሮ፣ መተዉ ምንም ባላስደነቀ ነበር። በወንዙ ዳር የሚዞረው ባለሸራ የነፋስ መዘውር፣ የጀልባው ቀስ ብሎ ማለፍ፣ ሁለቱ ወጣቶች ለመነጋገር ሲሞክሩ ቃል የሚያጥራቸው ጊዜ፣ ይህ ሁሉ የሚተወው ነገር ውድ እንደሆነ ይመሰክራል። ለፊልሙ የተደረሰውም ዘፈን ከሲኒማ አዳራሹ ወጥቶ የሀገር ዘፈን እስኪመስል ድረስ በመላ ቻይና ተዘፍኗል። ኧር ሜይዚን ሆና የተጫወተችው ታኦ ዩሊንግ በአንድ ፊልም ታዋቂ ሆነች። በኋላ ዘመን አንዳንድ ቻይናውያን ሴት ሐያስያን፣ የዚያ ዘመን ሴት ዲሬክተሮች የወንድ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ በወንድ ዓይን እያዩ ነበር የሠሩት፤ የራሳቸው የሆነ የሴት ድምፅ አላሰሙም የሚል ነቀፋ ሠንዝረዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በቅርብ ዓመታት ይህን ነቀፋ እንደገና መርምረውታል። ነቀፋው ጨርሶ መሠረት የለውም ባይባልም፣ «የሊዩባኦ መንደር ታሪክ»ን አይቶ ያን ማለት ግን አስቸጋሪ ነው።

በ1958 «የማይጠፋው የሬዲዮ ሞገድ» ተከተለ። የዚህ ፊልም መነሻ ሊ ባይ የተባለ እውነተኛ ሰው ነው። ሊ ባይ በሻንጋይ ከተማ በኅቡዕ የሚሠራ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። ሌሊት፣ ከተማው ሲተኛ፣ ደካማ አምፖል አብርቶ በጥቁር ጨርቅ እየሸፈነ መልእክት ያስተላልፍ ነበር። በመጀመሪያ በ1942 በጃፓኖች ተይዞ ተሠቃየ፤ ተፈቶ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1948 መጨረሻ በኩኦሚንታንግ ሰዎች ዳግመኛ ተያዘ። በሜይ 7 ቀን 1949 ሲገደል፣ ከተማዋ በሠራዊቱ እጅ ለመግባት የቀሯት ሃያ ቀናት ብቻ ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ ሊ ሺያ በሚል ስም የቀረበውን ይህን ሰው የተጫወተው ዕውቁ ተዋናይ ሱን ዳኦሊን ነው።

ዋንግ ፒንግ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያተኮረችው በፖሊስና በሰላይ ሩጫ ላይ ሳይሆን በአንዲት ጠባብ ቤት ላይ ነው። ለሬዲዮ ኦፕሬተሩ ሽፋን እንድትሆነው ባልና ሚስት መስለው አብረው እንዲኖሩ የተመደበችለት ሴት የፋብሪካ ወዛደር ነበረች፤ በፊልሙም ሆነ በእውነተኛው ታሪክ እንዲሁ ነው። የለመደችው በፋብሪካው ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር በግልጽ መታገል ነበርና፣ ቤት ተቀምጣ የጥሩ ባለትዳር መስሎ መታየት መጀመሪያ ላይ ይከብዳታል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከቤት በመውጣት ሙያዋን የጀመረችው ዲሬክተር፣ ለትግል ሲባል ወደ ቤት የገባችን ሴት ታሪክ ስትተርክ እናያለን። ነገር ግን ይህ ቤት የአሻንጉሊት ቤት አይደለም። ሁለቱ እኩል አደጋ የተሸከሙበት የሥራ ቦታ ነው፤ የማስመሰሉ ትዳርም ውሎ አድሮ እውነተኛ ትዳር ይሆናል። በመጨረሻው ትርኢት በሩ ሊሰበር ሲል ሊ ሺያ የመጨረሻውን መልእክት ያስተላልፋል፤ ወረቀቱን በአፉ ይውጣል፤ በሌላው ጫፍ ሆነው የሚያዳምጡትን ጓዶቹን ይሰናበታል። ጩኸት የለም። የሚሰማው የቁልፉ መታ መታ ማለት ነው።

በ1962 የሠራችው «የግራር መንደር» የተሰኘው ፊልም በክብር ደረጃ ከሁሉ የላቀውን ሽልማት አስገኝቶላታል። «የሕዝብ ሲኒማ» የተባለው መጽሔት አንባቢዎች ድምፅ በሚሰጡበት «መቶ አበቦች» በተባለው ሽልማት፣ በ1963 የምርጥ ዲሬክተር ተሸላሚ ሆነች። ፊልሙ ልጇን ለጦርነቱ የሰጠች፣ ጉዎ የተባለች የገጠር እናት መንደሯን ከመሬት ሥሪት ለውጥ አንስቶ እስከ ኮሙኖች ምሥረታ ድረስ ስትመራ ያሳያል። የእናቲቱ ሥዕል ጠንካራ ነው፤ ሴት በገጠር የአመራር ቦታ ይዛ መታየቷም በጊዜው ተራ ነገር አልነበረም። ሆኖም አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ፊልሙ በተሠራበት ዋዜማ፣ ከ1959 እስከ 1961 ባሉት ዓመታት፣ የኮሙኖቹ አሠራርና ከላይ የተጫነው ያልተመጠነ የምርት ዕቅድ ባስከተለው ረኃብ በቻይና ገጠር በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። በፊልሙ መንደር ውስጥ ግን አንድም የተራበ ሰው አይታይም። ዋንግ ፒንግ በሠራዊት ውስጥ ያለች ከያኒ ነበረችና ሊነገር የሚፈቀደውና የማይፈቀደው በእሷ የሚወሰን አልነበረም። ቢሆንም በ1957 ፊልሟ የአንድን ወታደር የልብ ሕመም ያልደበቀችው ዓይን፣ በ1962 የብዙ ሚሊዮኖችን ሕመም ሳታሳይ አልፋለች።

በ1964 በሻንጋይ ከሌላ ዲሬክተር ጋር የሠራችው «በኒዮን መብራቶች ሥር ያሉት ዘቦች» ወደ ጥንካሬዋ የተመለሰችበት ፊልም ነው። በ1949 ከገጠር መጥቶ ሻንጋይን የያዘ አንድ የሻምበል ጦር በናንጂንግ ጎዳና ላይ ዘብ ይቆማል። ጥይት ያልበገረው ጦር አሁን የሚገጥመው ጠላት የሱቁ መስተዋት፣ ሽቶውና ያሸበረቀው መብራት ነው። ቼን ሺ የተባለው የመቶ መሪ ሚስቱ በእጅዋ የሠራችለትን የሻካራ ጨርቅ ካልሲ አውልቆ ይጥልና ከሱቅ የተገዛ ባለጌጥ ካልሲ ያደርጋል። ሚስቱ ቹን ኒ ከገጠር ልትጠይቀው ስትመጣም ያፍርባታል። ቹን ኒን ሆና የተጫወተችው ያችው ታኦ ዩሊንግ ናት። ስለዚህ በ1957 በወንዝ ዳር የተተወችውን ልጃገረድ ያየ ተመልካች፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ያንኑ ፊት አግብታ በባሏ ስትናቅ ያየዋል። ስለ ድል የተሠሩ ፊልሞች ብዙ ናቸው። ድል ያደረገ ባል ሚስቱን እንዴት እንደሚያይ የጠየቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ያንም ለመጠየቅ አንድ ጥንድ ካልሲ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚያም ከሦስት ሺሕ በላይ ተጫዋቾች የተካፈሉበትን፣ በ1964 በታላቁ የሕዝብ አዳራሽ የቀረበውን «ምሥራቅ ቀይ ነው» የተሰኘ የዘፈንና የውዝዋዜ ትርኢት ወደ ፊልም ከለወጡት ዲሬክተሮች አንዷ ሆነች። ፊልሙ በ1965 ታየ። ግዙፍነቱ የሚካድ አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ሁሉ ሰልፍ መሐል የአንድ ሰው ፊት ረጋ ብሎ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። የግለሰብ አምልኮ እየጎላ የሄደበት ዘመን ነበር።

እዚህ ላይ ወደ 1935 መመለስ ግድ ይሆናል። ያ ዓመት በቻይና የቴአትር ዓለም «የኖራ ዓመት» እስከመባል ደርሶ ነበር፤ ምክንያቱም ተውኔቱ በልዩ ልዩ ከተሞች ተጫውቷል። በሻንጋይ ኖራን ሆና የተጫወተችው ላን ፒንግ የምትባል ወጣት ተዋናይት ነበረች። ላን ፒንግ በኋላ ስሟን ወደ ጂያንግ ቺንግ ለውጣ የማኦ ባለቤት ሆነች። በ1966 መጀመሪያ በእሷ መሪነት ከተካሄደ የሠራዊቱ የኪነ-ጥበብ ጉባኤ የወጣው ሰነድ፣ ከ1949 ወዲህ በነበሩት ዓመታት የተሠራው ኪነ-ጥበብ በጥቁር መሥመር ሥር የወደቀ ነበር ሲል ደመደመ። የባህል አብዮት በተባለው የአሥር ዓመት ቀውስ፣ ቀደም ሲል የተሠሩት ፊልሞች ከጥቂቶቹ በቀር ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። ለተወሰኑ ዓመታትም አዲስ የልብ-ወለድ ፊልም መሥራት ከሞላ ጎደል ቆመ። በአንድ ዓመት አንዲት ኖራ ከሥራዋ ተባረረች፣ ሌላዋ ኖራ ተጨበጨበላት፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ የተጨበጨበላት የተባረረችዋን የፊልም ዘመን በሩን ዘጋችበት። ልዩነቱ፣ ዋንግ ፒንግ በዚህ ጊዜ ከቤት ለመውጣት የምትችል ደመወዝ የቀረባት መምህርት አለመሆኗ ነው። ቤቷ ያው የዘጋባት ተቋም ሆኖ ነበር። ሉ ሹን በ1923 ስለ ገንዘብና ስለ ሥራ አስተማረ፤ ሥራ ሰጪው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ፊቱን ሲያዞር ምን እንደሚደረግ ግን በዚያን ቀን የጠየቀው አልነበረም።

ከ1976 በኋላ ፊልሞቿ ከተቆለፉበት ወጡ። እሷም ወደ ሥራ ተመለሰች። የመጨረሻው ታላቅ ሥራዋ በ1985 የታየው «የቻይና አብዮት መዝሙር» የተሰኘው የዘፈንና የውዝዋዜ ፊልም ነው፤ ዕድሜዋ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነበር። ዋንግ ፒንግ በ1990 በ74 ዓመቷ አረፈች። በሻንጋይ ኖራን የተጫወተችውም በማግስቱ ዓመት ሞተች። ከዋንግ ፒንግ ሴት ልጆች አንዷ የእናቷን ሕይወት በመጽሐፍ ጽፋለች።

«የማይጠፋው የሬዲዮ ሞገድ» የተሠራው በጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በ2021 እያንዳንዱ ምስል ታድሶና ቀለም ገብቶበት በቻይና ሲኒማ ቤቶች እንደገና ታየ። አምፖሉ አሁን ቢጫ ነው፤ የሊ ሺያ ጣት ግን በዚያው ቁልፍ ላይ ነው።